ነገሳን የያዘው ነገር

ነገሳን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው ሰዎች እሱ የሚናገረውን ነገር ሲያዘጋጁለት መስማቱ ነው። መደቡ ላይ ቁርበቱን ተከናንቦ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ታላቅ ወንድሙ በዳዳ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ ለነገሳ ሚስት ለጂቱ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያስረዳ አዳመጠ። «ስሟን ከአፉ ካወጣ አበቃ» ይላል በዳዳ። «ማታ ያን ያህል ጭስ አጥነነው አልለፈለፈም። ዛሬ የፊታውራሪው አዛዥ ፊት ቆሞ ‘ሸክላ ሠሪዋ ናት የበላችኝ’ ይበል። ጎትተው ያመጧታል፣ ትተፋበታለች፣ እሱም ይድናል። እሷ ዕቃዋን ሸክፋ ከቀበና ትነሣለች። ማንም አይጎዳም።» ጂቱ እሳቱን ስትቆሰቁስ እንጨቱ ሲንኳኳ ብቻ ተሰማ። ነገሳ «ማንም አይጎዳም» የምትለውን ቃል በሐሳቡ መለስ ቀለስ አደረጋት፤ ወንድሙ ክፉ ሰው ስላልሆነ የምሩን እንደተናገረ ገባውና ይበልጥ ከበደው።

ነገሩ የሆነው በዋዜማው ነው። ነገሳ የየካ ተወላጅ ቤት ከዳኝ ነው፤ ከየካ እስከ ፊንፊኔ የሣር ክዳን አዋቂ ሲፈለግ ቀድሞ የሚጠራው የእሱ ስም ነው። ንጉሡ እንጦጦ ላይ ከከተሙ ወዲህ መኳንንቱ ሁሉ ተራራው ላይ ቤት ለማቆም ሲሽቀዳደሙ እሱ አርፎ አያውቅም። ያን በጋ የያዘው የአንድ ፊታውራሪ አዳራሽ ነበር፤ መቶ ሰው ተቀምጦ የሚበላበት፣ የመሃል ምሰሶው ብቻ በሃያ በሬ ተጎትቶ የመጣ። ሣሩ ሁሉ አልቆ የቀረው ጫፉ ላይ የሚደፋው ማሰሮ ነበር። እሱ ካልተደፋ የመጀመሪያው ዝናብ በምሰሶው ራስ ሰርጎ ገብቶ የአራት ወር ሥራ ያበሰብሳል። ማሰሮውን የሠራችው ዓለም የምትባል፣ ቀበና ወንዝ ዳር ብቻዋን የምትኖር፣ ሃምሳውን ያለፈች ሸክላ ሠሪ ናት። ራሷ በጀርባዋ ተሸክማ ዳገቱን ወጥታ አስረከበችው። ማሰሮ መድፋት ለዋናው ከዳኝ እንጂ ለሌላ የማይተው ሥራ ነውና እሱው በጠፍር ከጀርባው ጋር አጥብቆ አሰረና መሰላሉን ወጣ።

ከክዳኑ አጋማሽ ሲደርስ ልቡ ያለ ምክንያት መደለቅ ጀመረ። እጁ ደነዘዘ፤ ጣቶቹ የሌላ ሰው ጣቶች መሰሉት። ጉሮሮው ተዘጋና በዚያ ሁሉ ነፋስ መካከል የሚተነፍሰው አየር አጣ። «ሞትሁ!» አለ፤ በልቡ ያለው መስሎት ነበር፤ ከታች ያሉት ሁሉ ቀና ሲሉ ግን ጮኾ እንደተናገረ ገባው። ሣሩን በሁለት እጁ ጨምድዶ ተለጠፈ። ሁለት ሠራተኞች ወጥተው በገመድ አስረው እንደ ጭነት አወረዱት። መሬት ላይ አስተኝተው ውኃ ሲያርከፈክፉበት አንዱ «ስታየው ነበር እኮ! እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ስታየው ነበር!» ብሎ ጮኸ። ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሁሉ በዓይኑ ሰው ይበላል በሚባልበት ዘመን ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚጠይቅ አልነበረም። ሁሉም ወደ ዓለም ዞረ። እሷ ማሰሮውን ያዘለችበትን ጨርቅ አጣጥፋ ቁልቁለቱን ተያያዘችው።

ነገሳ ብቻ የሚያውቀው ነገር ነበር። ይህ ሲይዘው የመጀመሪያው አልነበረም። ባለፈው ክረምት ዐሥራ አምስት ዓመት አብሮት የሠራው ኢቲቻ ከረጠበ ጣሪያ አንሸራቶት ወድቆ ነገሳ እያየው ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ነገሩ አራት ጊዜ መጥቶበታል፤ አንዴማ ጣሪያም ሳይኖር፣ የካ ገበያ መካከል፣ ቅቤ ሲያስመዝን ነው የያዘው። ቅቤውን ጥሎ አንድ አጥር ሥር ሄዶ ተቀመጠና ሆዱን የታመመ መሰለ። ከዚያ ጠባዩ ተለወጠ። አንዱን ቋጠሮ ሦስት ጊዜ ሳያጠብቅ አይለቅም። ከፍ ያለው ላይ ጎረምሶችን ይልክና እሱ «የባለሙያ ሥራ የሚታየው ክፈፉ ላይ ነው» እያለ ከታች ከታች ይሠራል። ሰዉም አመነው፤ እንዲያውም ክፈፉ ያምርለት ጀመር። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር የሚደርስበት እሱ ብቻ ይመስለው ነበር። ጂቱ አንድ ቀን «ምን ሆነሃል?» ብላ ጠይቃው «ወገቤን ነው» አላት። ከዚያ በኋላ ስለ ወገቡ ጠይቃው አታውቅም፤ ሌላም አልጠየቀችውም፤ ሁለቱም በአንድ ቤት ውስጥ ያን ዝምታ እየዞሩት ይኖሩ ነበር።

ተነሥቶ ፊቱን ታጠበ። በዳዳ «ጎበዝ፣ ተሻለህ?» አለና መልሱን ሳይጠብቅ «ከቀትር በኋላ አዛዡ ይጠብቁናል» ሲል ጨመረበት። ነገሳ «እሺ፣ ጋሼ» ብሎ ኩታውን አነሣ። «ገብሱን አይቼ ልምጣ» አለ። ጂቱ እስከ ደጃፍ ተከትላው ወጣች። በዳዳ እንዳይሰማ ጀርባዋን ለቤቱ ሰጥታ፣ በቤታቸው ቋንቋ በኦሮምኛ፣ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች። «ሶዳ?» ፍርሃት ነው ወይ ማለቷ ነው። ነገሳ አንገቱን እንኳ አልነቀነቀም፤ ነገር ግን «አይደለም» ሊላት አፉ እምቢ አለው። እሷም ያን አይታ ወደ ቤት ተመለሰች።

ወደ ገብሱ አልሄደም። የቀበናን ወንዝ ይዞ ወረደ። የበጋ ውኃ ስለነበር ወንዙ ከድንጋይ ድንጋይ እየተዘለለ የሚሻገሩት ነው። የዓለም ጎጆ ከወንዙ ማዶ፣ ሸክላ አፈር ከሚቆፈርበት ገደል ሥር ነች፤ ከእሷ ወዲያ ጎረቤት የለም። በሩ ላይ ሲደርስ እሷ ጭቃ እየረገጠች ነበር። ውስጡ አንዲት ክፍል ብቻ ናት፤ ግማሹን ያልተተኮሱ ማሰሮዎች ይዘውታል፣ በቀረው ግማሽ አንድ መደብ፣ አንድ ድስት፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አንድ ነጠላ አለ። የዕቃዎቹ ዋጋ ያው የታወቀው ነው፤ ማሰሮውን የሚሞላውን ያህል እህል ሰጥቶ ማሰሮውን መውሰድ። ከጥግ ያለችው ጎተራ ግን ግማሿ ባዶ ነበር። ነገሳ ደጃፉ ላይ ቆሞ «እንዴት አደሩ፣ እናቴ?» አላት። ዓለም ጭቃውን መርገጥ አቆመች። ከገበያተኛ እስከ እረኛ «አንቺ» ብሎ የሚጠራትን ሴት አንቱ ብሏት ነበርና ሌላ ሰው ሰላም ያለ መስሏት ከኋላዋ ተመለከተች።

«ግባ» አለችው። «ልታስወስደኝ ከሆነ ይችን ጭቃ ልጨርስ፤ ካደረች ትደርቃለች።»

«ብቻዬን ነኝ» አለ ነገሳ። መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ትላንት ለምን ያዩኝ ነበር?»

«አንተን መች አየሁ፤ ማሰሮዬን ነበር የማየው። ስንት ዓመት ሠርቼ አንድም ዕቃዬ ከሰው ቁመት በላይ ወጥቶ አያውቅም። የት እንደሚደርስ ላይ ፈልጌ ነው።»

ነገሳ ለሚስቱ ያልነገረውን፣ ለወንድሙ ያልነገረውን፣ ለነፍስ አባቱ እንኳ ያልነገረውን ነገር ለዚህች ለማያውቃት ሴት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። ኢቲቻ ሲወድቅ የተሰማውን ድምፅ፣ የቅቤውን ነገር፣ ጣቶቹ የሌላ ሰው ጣቶች የሚሆኑበትን። እሷ ጭቃዋን እየረገጠች ሰማችው፤ አልተገረመችም። ሲጨርስ «ጉሮሮህንስ ይዘጋሃል?» አለችው። «ይዘጋኛል።» «ብርድ ብርድ ይልሃል? ላብ ግን ያጠምቅሃል?» «እንዴት አወቁ?»

«እኔንም በየገበያው ቀን ይይዘኛላ» አለች ዓለም። «ሴቶቹ እኔን ሲያዩ ልጆቻቸውን በነጠላ ሲሸፍኑ ይጀምረኛል። ያኔ ወጣት ሳለሁ እሸሽ ነበር። አንድ ገበያ ቀረሁ፣ ሁለት ቀረሁ። በቀረሁ ቁጥር የሚቀጥለው ይብስብኛል፤ በኋላማ ገና ዋዜማውን መንቀጥቀጥ ጀመርሁ። ማሰሮ ደግሞ አይበላም። ሲርበኝ ገበያ ሄድሁ። ሲመጣ ዕቃዬን ዘርግቼ ቁጭ አልሁና አየሁት። ይመጣል፣ ይሞላል፣ ከዚያ ይጎድላል። አንድ እንስራ ውኃ ለመቅዳት የሚፈጀውን ያህል ነው። ሞልቶ የቀረ እስከ ዛሬ አላየሁም።»

«አሁንስ ተወዎት?»

«የት ይተወኛል። ግን ተዋውቀናል።» ጭቃውን በእጇ እየከመረች ነበር። «አዛዡ ፊት ምን ልትል ነው? በዚህ ነገር ከሁለት አገር ተነሥቻለሁ። ሦስተኛ የምነሣበት ጉልበት የለኝም፤ ቁርጡን ንገረኝና ልወቀው።» ነገሳ ከመደቡ ተነሣ። «የሆነውን እናገራለሁ» አለ። የሆነውን መናገር ማለት ከየካ እስከ ፊንፊኔ ቤት ከዳኙ ነገሳ ፈሪ ነው መባል እንደሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ከቀትር በኋላ እንጦጦ ላይ ነፋሱ በርትቶ ነበር። የፊታውራሪው ቤት አዛዥ በላይነህ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት፤ ወፈር ያሉ፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገሩ፣ ነገር ሲንዛዛ የማይወዱ ሰው ናቸው። ዓለምን ሁለት አሽከሮች አምጥተው ከሰዉ ራቅ አድርገው መሬት ላይ አስቀምጠዋታል። ሠራተኛው፣ የቤቱ ሴቶች፣ እንጨት ሻጮች ሳይቀሩ ተሰብስበው ቆመዋል። በዳዳ እንደ ልማዱ፣ ከግቢው በር አጠገብ፣ ከሁሉ ወደኋላ ቆመ። አዛዡ «በል ተናገር፤ ማናት?» አሉ።

«ማንም አልበላኝም፣ ጌታዬ» አለ ነገሳ። «ፈርቼ ነው።»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ እንደጀመረ ቀረ፤ ነገሳ እንዳልቀለደ ሁሉም አየ። በዳዳ ሰዉን እየገፈተረ መጥቶ ኩታውን ጎተተው፤ «ዝም በል! ራስህን አታዋርድ!» አለው በጆሮው።

«ሃያ ዓመት ጣሪያ ላይ የኖርህ ሰው ጣሪያ ፈራሁ ትለኛለህ?» አሉ አዛዥ በላይነህ። «ደንግጠህ ይሆናል። ድንጋጤ ሌላ ነው።»

«ድንጋጤስ አንዴ መጥቶ ይሄዳል፣ ጌታዬ። ይኼ እንደሱ አይደለም። ጓደኛዬ ኢቲቻ ወድቆ ሲሞት አየሁ፤ ያኔ ደነገጥሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ያ ነገር ተመልሶ ይመጣብኝ ይሆን እያልሁ እሰጋለሁ። ስሰጋ እጨነቃለሁ። ስጨነቅ ይመጣል። አራት ጊዜ ይዞኛል። የካ ገበያ ቅቤ ሳስመዝን ሲይዘኝ ይህች ሴት የት ነበረች? አልነበረችም። ያየኝ ቅቤ ሻጯ ናት፤ እሷም በላችኝ?» ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አዛዡ አገጫቸውን አሹ። ሰው በፈቃዱ ራሱን ፈሪ ሲል ሰምተው አያውቁም ነበርና ምን እንደሚፈርዱ ግራ ገባቸው። በመጨረሻ «እንግዲያው ቀላል ነው» አሉ። «ማሰሮው ደህና ነው፤ ጣሪያውም ያው አለ። እሷ ቆማ እያየችህ ውጣ። ከወጣህ እሷ ነጻ ናት። ካልወጣህ ግን ያንተን ቃል ትቼ የሰዉን እይዛለሁ።»

«ይሞታል!» አለ በዳዳ።

ነገሳ ማሰሮውን አንሥቶ በጠፍር ከጀርባው አሰረ። ቋጠሮውን አንድ ጊዜ አጠበቀው። ሁለተኛ ሊነካው እጁን ሰደደና መለሰው። ከዚያ ወደ ዓለም ዞሮ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እናቴ፣ ይነሡ። ዓይንዎን ከኔ ላይ እንዳይነቅሉ» አላት። አንቱታውን የሰሙ ሴቶች ተጠቃቀሱ። ዓለም አቧራዋን አራግፋ ተነሣችና እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ቀና አለች።

መሰላሉን ያለ ችግር ወጣው። ክዳኑን ያሠራው ራሱ ነው፤ እግሩ የት የት እንደሚረግጥ ያውቃል። አጋማሹ ላይ፣ በዋዜማው በጨመደደው ሣር አጠገብ ሲደርስ፣ ልቡ መታ። ተወው። ደግሞ መታ። ጣቶቹ የሌላ ሰው ሆኑ፤ ጉሮሮው ተጨመደደ። ውረድ ውረድ የሚል ነገር ከእግሩ እስከ ራሱ ወረረው፤ ያ ነገር ሁልጊዜ የሚለው ይህንኑ ነበር፤ እሱም ሁልጊዜ ይታዘዘው ነበር። አሁን ግን ቆመ። ሣሩን ሳይጨመድድ በመዳፉ ብቻ ደገፍ አለና «መጣ!» ብሎ ጮኸ።

«ምን አለ?» አሉ አዛዡ ከታች።

«መጣ ነው የሚለው» አለ አንዱ ሠራተኛ።

«ይሙላ!» ብላ ጮኸች ዓለም። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ድምፅዋ ጠርቶ ወጣ። «ተወው ይሙላ! አትሽሸው!»

ሞላ። ነገሳ ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም፤ ቀድሞ ከመሙላቱ በፊት ይሸሸው ስለነበር መጨረሻውን አይቶት አያውቅም ነበር። ላቡ በዓይኑ ገባ። እግሩ ተንቀጠቀጠና ማሰሮው ጀርባው ላይ ኳኳ አለ። ከታች የምታቃስት ሴት ድምፅ ሰማ፤ ወንድሙ ስሙን ሲጠራ ሰማ። ማንም አልወጣለትም፤ አዛዡ ከልክለው ነበር። እሱ አየሩን በትንሽ በትንሹ እየሳበ ጠበቀ። አንድ እንስራ የሚሞላበት ጊዜ ያህል ይሁን ወይም ከዚያ ይርዘም አላወቀም፤ ብቻ አንድ ጊዜ ላይ ልቡ ዝግ ሲል ተሰማው። ቀጥሎ ጣቶቹ የራሱ ሆኑ። የሣሩ ሽታ መጣለት፤ እስከዚያ ድረስ እንዳልሸተተው ያን ጊዜ ገባው። ቀኝ እግሩን አነሣ፤ ከዚያ ግራውን።

ማሰሮውን ጫፉ ላይ ደፍቶ ጠርዙን በሣር ሲያስር እጁ አልተንቀጠቀጠም። ከጨረሰ በኋላም ወዲያው አልወረደም። በስተምሥራቅ የየካ ጽዶች ጥቁር ሆነው ይታያሉ፣ ከሥር የቀበና ውኃ፣ ከዚያ ወዲያ የፊንፊኔ ፍል ውኃ እንፋሎት። ይህን ሁሉ ከክረምቱ ወዲህ ቀና ብሎ አላየውም ነበር። ሲወርድ የጮኸም ያጨበጨበም የለም። አዛዥ በላይነህ ከበርጩማቸው ተነሥተው «ከእንግዲህ በዚህ ነገር የዚህችን ሴት ስም የሚያነሣ እኔን ያነጋግር» አሉ። ከዚያ ለነገሳ ጠጋ ብለው «ፈራሁ ማለትህን ግን ለሌላ ጌታ አትንገር፤ ሥራ ያሳጣሃል» አሉት። ነገሳ «ከጠየቁኝ እነግራለሁ፣ ጌታዬ» አለ። አዛዡ አይተውት ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓለም በማሰሮው ዋጋ የተሰፈረላትን ስንዴ ተሸክማ ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲያ ከቀበና አልተነሣችም፤ ልጆቻቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ ሴቶች ግን በማግሥቱም ነበሩ፣ ከዚያም በኋላ ነበሩ።

ሁለቱ ወንድማማቾች ፀሐይ ሳትጠልቅ የየካን ቁልቁለት ያዙ። በዳዳ ከኋላ ነበር። ነገሳ ወንድሙ አፍሮበት ከኋላ የቀረ ይመስለው ነበር። አንድ የወደቀ ጽድ አጠገብ ሲደርሱ በዳዳ «እንረፍ» አለና ተቀመጠ።

«ከዘመቻ ከተመለስሁ ስድስት ዓመት ሆነ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ሰው የበዛበት ቦታ መሃል መቀመጥ አልችልም። መውጫው ካልታየኝ ያ አንተ ያልኸው ይመጣብኛል። ልክ እንዳልኸው ነው፤ ጣቶቹም ሳይቀሩ። ሠርግ ላይ በር ሥር የምቀመጠው ለዚያ ነው። ሰዉ ትሑት ነው ይለኛል።» ትንሽ ሳቀ። «ሦስት ክታብ አንገቴ ላይ አለ። ቡዳ ናት ብዬ ያን ያህል የተሟገትሁት እሷ ብትሆንና ከቀበና ብትወጣ የኔም አብሮ ይሄድልኝ ይሆናል ብዬ ነው። አንዲት ባልቴት ላስነቅል ነበር።»

ነገሳ አጠገቡ ተቀመጠ። ታላቅ ወንድሙን እንዲህ ሲናገር ሰምቶት አያውቅም። «የጎረቤታችን የዱጋሳ ልጅ ሠርግ መቼ ነው?» አለ።

«ለጥምቀት ሳምንት ሲቀር።»

«መሃል እንቀመጣለን፣ ጋሼ።»

«መሃል? አልችልም።»

«እንግዲያው ከበሩ ሁለተኛው ቦታ ላይ።»

በዳዳ ቁልቁል የሚታየውን የራሱን ቤት ጭስ እያየ ነገሩን በደንብ አሰበበት፤ አንድ በሬ ሊገዛ እንደሚከራከር ሰው አገላበጠው። «ሁለተኛው» አለ ቀስ ብሎ። «እሺ። አንተ በበሩ በኩል የምትቀመጥ ከሆነ።»